የዶን ኢላሪዮን ሁለት ጣት

የሌላ ሰው ሬዲዮ ካልነካ እጁን የሚበላው ሰው የሌለበት መንደር እግዚአብሔር አልፈጠረም። በቲቲካካ ሐይቅ ዳር፣ በእኛ በቦሊቪያዎቹ በኩል፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ዶን ኢላሪዮን ቲኮና ናቸው። ማን ሾማቸው? ራሳቸው። ካፌዬ ሲገቡ ገና «እንዴት አደራችሁ» ሳይሉ አንቴናዬን ይጠመዝዛሉ።

«ወደ ቀኝ ሁለት ጣት! ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም፤ የጎረቤት ነው።»

ጎረቤት የሚሏት ፔሩን ነው። የእኛ ጣቢያና የማዶው ጣቢያ በአንድ ሞገድ ላይ ተደራርበው ይጮኻሉ። ዘፈን ቢበላሽ ምንም አልነበረም። እኛ ዘንድ ግን ዘመድ ለዘመዱ መልእክት የሚልከው በሬዲዮ ነው፤ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አገሩ ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል። አምና የእኛው ጣቢያ የሠርግ ጥሪ ሊያነብ «የኮንዶሪ ዘመዶች፣ ቅዳሜ...» ብሎ ሲጀምር የፔሩው «...ቀብር ስላለ ጥቁር ለብሳችሁ ኑ» ብሎ ጨረሰለት። ሙሽራዋ አርባ ሐዘንተኛ ሻማ ይዞ ሲገባ አይታ ራሷን ሳተች።

ዶን ኢላሪዮን ያን ቀን «ሁለቱን ጣቢያዎች ሳላስታርቅ አላርፍም» ብለው ማሉ። ሬዲዮአቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ድንበሩን ዐሥራ አራት ጊዜ ተመላለሱበት።

«ምን ይዘዋል አባባ?» ይላቸዋል የፔሩ ጠባቂ።

«የአገርህን ጩኸት! ልመልስላችሁ ነው።»

የማዶው ጣቢያ አለቃ ዶኛ ካሲልዳ «በሞገዱ ቀድመን የጀመርነው እኛ ነን፤ የናንተው ይዘጋ!» አሉ። የእኛው አለቃ ዶን ሩፎ ደግሞ «አያቶቼ በጦርነት የባሕር በራችንን አጡ፤ እኔ ሞገዱን ልልቀቅ?» አለ።

ዶን ኢላሪዮን ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የዓሣ ግብዣ ነው ብለው ሁለቱን አለቆች በጀልባቸው ጫኑ። ሐይቁ መሀል ሲደርሱ መቅዘፊያውን አስቀምጠው ልክ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሬዲዮውን ከፈቱት። ሁለቱ ጣቢያዎች እንደ ውሻ ሲናከሱ ባለቤቶቻቸው አንድ ቃል መለየት አቃታቸው።

«ኧረ ሰውዬ፣ በረደን! ይቅዘፉ እንጂ!» አሉ ዶኛ ካሲልዳ።

«እስክትስማሙ አልነካውም።»

«ዓሣውስ?» አለ ዶን ሩፎ።

«ከሥርህ አለልህ።»

ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ተስማሙ። ዐሥራ ሁለት ላይ ፔሩዎቹ መልእክት ሲያነቡ እኛ ዝም፣ ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ እኛ ስናነብ እነሱ ዝም። ውሉን በዶን ኢላሪዮን ደብተር ላይ ፈረሙ፤ ፊርማቸው በብርዱ ስለተንቀጠቀጠ እስካሁን አይነበብም።

በዚህ ክረምት ሽማግሌው ሳንባቸውን ታመው ላ ፓዝ ሆስፒታል ገቡ። ሬዲዮዬን የሚነካብኝ ጠፋ፤ ተመስገን አልኩ። ተመስገኑ የቆየው ሁለት ቀን ነው። በየማታው ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሬዲዮው ሥር መገተር ያዝኩ። በዘጠነኛው ቀን፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ እንዲህ ተነበበ፦

«ለካፌው ፋኩንዶ፣ ከኢላሪዮን። ተሽሎኛል፤ ሐሙስ እመጣለሁ። አንቴናህ ጠሟል። ወደ ቀኝ ሁለት ጣት።»

ተነስቼ አዞርኩት። ድምፁ ባሰበት።

እስከ ሐሙስ ማንም እንዳይነካው!