የጋሽ ማንደፍሮ ሀንጋሪ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ «እያለን» አይጠፋም። ሠርግ ሂዱ፣ ክርስትና ሂዱ፣ የቤት ምርቃት ሂዱ፤ ጥግ ላይ ሳህኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እኛ ሞስኮ እያለን» ወይም «እኛ ኩባ እያለን» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ለኦክላንድና ለሳን ሆዜ ሐበሻ የደረሰን ደግሞ የሀንጋሪው ነው። ክቡር አቶ ማንደፍሮ ዘሀንጋሪ።

ጋሽ ማንደፍሮ በደርግ ዘመን በነፃ የትምህርት ዕድል ደብረጼን የምትባል ከተማ ሄደው የአፈር ሳይንስ ተምረዋል። የከተማዋን ስም መጀመሪያ ስሰማ ከደብረ ሊባኖስ ቀጥላ ያለች ገዳም መስላኝ ነበር። አሁን ዳውንታውን ኦክላንድ ውስጥ ባለ ስድስት ፎቅ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ከላይ እስከ ታች ኮንክሪት ነው፣ አንድ ጭብጥ አፈር የለበትም። ይህን እያነሳሁ ስቀልድባቸው አይቀየሙም። «እኛ ሀንጋሪ እያለን የፓርኪንግ ሠራተኛ መጽሐፍ ሳይዝ ሥራ አይገባም ነበር» ይሉኛል። እውነትም በዚያች ጠባብ ክፍላቸው፣ ከካሜራው ስክሪን ሥር፣ ሁልጊዜ አንድ የተገለጠ መጽሐፍ አለ።

ከሀንጋሪ ነገር ሁሉ ግን የሚብሰው ግጥሙ ነው። እሳቸው እንደሚሉት ከሆነ በዚያ አገር የትራም ሹፌሩም ሥጋ ሻጩም ግጥም በቃሉ ይወጣል፤ ፖሊሱ ሳይቀር የሚቀጣህ በግጥም ነው። እሳቸውም ይህን ሥርዓት ወደ ካሊፎርኒያ ለማስገባት ሌት ተቀን ይደክማሉ።

ሳን ሆዜ አንድ ለቅሶ ቤት ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያጽናኑ ጠጋ አሉና አንድ ሙሉ ግጥም በሀንጋሪኛ አወረዱባት። ከዚያ ትርጉሙን። ከዚያ ትርጉሙ ምን ምን እንደጎደለው። ሴትየዋ ማልቀሷን አቆመች፤ ከመጽናናት ይሁን ከመገረም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍሪሞንት ደግሞ ሽምግልና ተልከው፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለታቸው በፊት ሀንጋሪ ውስጥ ልጅ እንዴት እንደሚጠየቅ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዱ። አባትየው «በቃ ውሰዷት» ያለው እሳቸው እንዲያበቁለት ብሎ ነው ይባላል።

ታክሲ የሚነዳው የወሎው ልጅ ሸረፈዲን ከሥራ ወደ ቤት ሲያደርሳቸው ራዲዮኑን እንዲያጠፋ ይገደዳል። «ወላሂ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ከኦክላንድ እስከ ሄይዋርድ አንድ ግጥም ነው። ትራፊክ ካለ ሁለት።»

የእኔ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። በአንዲት የሐበሻ ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ስለምጽፍ፣ ጽሑፌ በወጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። «ጌታቸው፣ አንብቤዋለሁ። አይከፋም። እኛ ሀንጋሪ እያለን ግን ጸሐፊ ማለት…» ከ«ማለት» በኋላ የሚመጣውን ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሸሚዜን እተኩሳለሁ። ተኩሼ ስመለስ እዚያው አገኛቸዋለሁ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እጠራጠራቸውም ነበር። ከመካከላችን ሀንጋሪኛ የሚያውቅ የለም። ሰውዬው የፈለጉትን ቢያወርዱብን በምን እናውቃለን? ሸረፈዲንም «ሁለት ወር ብቻ ቆይተው መጥተው ቢሆንስ?» ይለኝና አብረን እንስቅ ነበር።

በፈረንጆቹ 2012 ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ደወሉ። ጽሑፍ አልወጣልኝም ነበር። «እኛ ሀንጋሪ እያለን»ም አላሉም፤ ደነገጥኩ። «ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካምቤል ውስጥ ሀንጋሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡበት የሥነ ጽሑፍ ክበብ አላቸው። ጋሽ ማንደፍሮ ስለዚህ ክበብ ብዙ ጊዜ ነግረውናል፤ ማን ሰማቸው። የሚመሩት ወይዘሮ ማርጊት የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ግጥም ሲያስነብቡ ኖረዋል። ግድግዳው ላይ ያሉትን አራት መቶ መጻሕፍትም አገራቸው ደርሰው በተመለሱ ቁጥር በሻንጣ ተሸክመው ያመጧቸው እሳቸው ናቸው። አሁን ግን ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ሞተዋል። የቀሩትን ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱላቸው፣ ቅዳሜ ደግሞ የልጅ ልጆች ሶከር አለ። ከእኛ ቤት በምን ይለያል? ባለፈው ወር ከጋሽ ማንደፍሮ ጋር ዘጠኝ ሰው ብቻ ተገኘ። የአዳራሹ ኃላፊ በግንቦቱ ስብሰባ አርባ ሰው ካልመጣ ክፍሉን ለዮጋ እሰጠዋለሁ፣ መጻሕፍቱንም በካርቶን አሽጋችሁ ውሰዱ ብሏቸዋል። የሚወስዳቸው ቤት ያለው ሰው የለም።

«ጋሽ ማንደፍሮ» አልኩ፣ «እኛ ቋንቋውን አናውቅ፤ ሄደን ምን እናደርጋለን?»

«ለቅሶ ስትሄድ ሟቹን ሁሉ ታውቀዋለህ?»

በዚያ ወር ብቻ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ለቅሶ ተቀምጫለሁ።

እንደዚያ ከሆነ ደግሞ እናውቅበታለን። ሸረፈዲን ለታክሲ ነጂዎቹ ነገረ፤ ባለቤቱ ረምዚያ እስከ ዳብሊን ድረስ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ ኮል አደረገች፤ እኔ የጋዜጣውን ሰዎች ያዝኩ። «ለምን?» ያለን ሰው አልነበረም። ስንት ሰዓት ነው፣ ፓርኪንግ አለው ወይ፣ ምን ይዘን እንምጣ፤ ጥያቄው ይኸው ነው። ነገሩን በደንብ ያልሰሙ ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው፣ ለማንኛውም ብለው አንድ አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክመው መጡ።

ጋሽ ማንደፍሮን ሳይጨምር ሠላሳ አራት ሆነን ገባን። ሀንጋሪዎቹ ስምንት ናቸው፣ ሁሉም ሽማግሌ። መጀመሪያ አዳራሽ የተሳሳትን መስሏቸው በትሕትና ወደ ሌላኛው በር ጠቆሙን። ጋሽ ማንደፍሮ አንድ ነገር በሀንጋሪኛ ተናገሩ፤ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እኛ ቦታ ቦታችንን ያዝን። የአዳራሹ ኃላፊ ወረቀትና ብዕሩን ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ።

ከዚያ ወይዘሮ ማርጊት ከኋላ ወንበር ተነስተው ዋከር በሚሉት ባለ አራት እግር ምርኩዛቸው እየተደገፉ፣ በመካከላችን አልፈው ወደ ፊት መሄድ ጀመሩ። እናታችን የሚሆኑ ሰው በእግራቸው እያለፉ ተቀምጦ ማየት ከየት የመጣ አስተዳደግ ነው? ሸረፈዲን ብድግ አለና «ኖር!» አለ። ሠላሳ አራታችንም ብድግ አልን። «ኖር! ኖር!»

ሀንጋሪዎቹ ዞረው አዩን፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እነሱም አንድ በአንድ፣ ወንበር እየተደገፉ ተነሱ። በኋላ ጋሽ ማንደፍሮ እንዳስረዱኝ፣ በእነሱ ዘንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ብድግ የሚለው ለታላቅ ባለቅኔ ነው፤ ያውም አንብቦ ሲጨርስ። ወይዘሮ ማርጊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ማን ትልቅ ሰው መጣ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ የዮጋው ሰውዬ ብቻ ነው ያለው። ለእሳቸው መሆኑ ሲገባቸው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ብዙ ቆይተው መልሰው አደረጉት። ከዚያ የሚያነቡበት ቦታ ደርሰው ማንበብ ጀመሩ።

አንባቢዎቹ ሁሉ ሽማግሌዎች ናቸውና ለእያንዳንዳቸው ተነሳን፣ ለእያንዳንዳቸው ተቀመጥን። ረምዚያ በአምስተኛው ላይ «ኧረ ጉልበቴ» አለች። በስድስተኛው ግን ከሁላችን ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት።

መጨረሻ ላይ ተራው የጋሽ ማንደፍሮ ሆነ። ለእሳቸውም ተነሳን፤ በዚያ ቀን «በእግዜር» ብለው የመለሱልን እሳቸው ብቻ ናቸው። ወረቀት አልያዙም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጀመሩ። በለቅሶ፣ በሽምግልና፣ በታክሲ የሰማነው ያው ነው። ይኼኔ የሀንጋሪዎቹን ፊት አየሁ። ከንፈራቸው ከእሳቸው ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ዐይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ፤ ወይዘሮ ማርጊት ተማሪዋ ፈተና እንዳለፈላት አስተማሪ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ያ ሁሉ ዓመት ስጠረጥራቸው መኖሬ ትዝ አለኝና ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሸረፈዲን ጠጋ ብሎ «ይቺን ስንኝ ሄይዋርድ መውጫው ላይ ነው የምንደርስባት» አለኝ። ዐይኑ ቀልቷል።

የአዳራሹ ኃላፊ አርባ ሦስት ቆጥሮ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ክፍሉ ባለበት ይቀጥላል አለ። ረምዚያ ውሃ ሰጠችው።

በሸረፈዲን ታክሲ ስንመለስ ራዲዮኑን ሳይነገረው አጠፋ። ጋሽ ማንደፍሮ ግን ግጥም አላሉም። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ሌላ ነገር ነገሩን።

«ደብረጼን በገባሁ በስድስተኛው ወር እናቴ ሞተች። በደብዳቤ ነው የሰማሁት። ሐበሾቹ ለእረፍት ሄደው ዶርሙ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ስጮህ ሰማችኝና ሄዳ ሰው ሰበሰበች። አስራ አንድ ሰው መጥቶ አልጋዬም ላይ መሬትም ላይ ተቀመጠ። ሀንጋሪኛዬ ለሐዘን አይበቃም ነበር። ስለ እናቴ በአማርኛ አወራኋቸው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ። አንድ ቃል አልገባቸውም። ጥሎኝ የሄደ ሰው ግን አልነበረም።»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ሸሚዝ የተኮስኩበት «እኛ ሀንጋሪ እያለን» ለካ ጉራ አልነበረም፤ ምስጋና ነበር። ሰውየው ሲያመሰግኑ ነው የኖሩት፣ እኛ ስንስቅ።

በሚቀጥለው ዓመት እነዚህን ጽሑፎቼን ሰብስቤ መጽሐፍ አወጣሁ። ምርቃቱ ኦክላንድ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ነበር። ስልሳ ወንበር ደረደርኩ። በዚያው ቀን ሳን ሆዜ ትልቅ ሠርግ ገጥሞ ኖሮ የመጣልኝ አስራ አራት ሰው ነው። ባለቤቴ የወርቅውሃ ባዶዎቹን ወንበሮች እንዳላያቸው ቀስ እያለች ታጥፋቸው ጀመር። ሳላያት አልቀረሁም። ከአሁን በኋላ አልጽፍም ብዬ በልቤ ወስኜ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ማንደፍሮ፣ ሱፍ ለብሰው። ከኋላቸው ወይዘሮ ማርጊት በዋከራቸው፣ ከእሳቸው ኋላ ሰባቱም። ተከታትለው ገቡና ፊት ለፊት ያለውን መደዳ ሞሉት። የወርቅውሃ ወንበሮቹን መልሳ ዘረጋች።

ስሜ ተጠርቶ ወደ ፊት ስሄድ ስምንቱም መነሳት ጀመሩ። አንዳቸው የሌላውን ክንድ ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ። እኔ ገና አርባ ዓመቴ ነው። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ማን ሊሰማኝ። ወይዘሮ ማርጊት ዋከራቸውን ጨብጠው ቀና አሉና፣ የተለማመዱት መሆኑ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ኖር» አሉኝ።

«በእግዜር» ማለት ነበረብኝ። አልወጣልኝም። ከኋላ ጋሽ ማንደፍሮ መለሱልኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ አነበብኩ። አንድ ቃል አልገባቸውም። ጥሎኝ የሄደ ሰው አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ነገ ያነቡታል፤ ስልኬም ይጠራል። «ጌታቸው፣ አንብቤዋለሁ። አይከፋም። እኛ ሀንጋሪ እያለን ግን ጸሐፊ ማለት…» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሸሚዝ መተኮሱን ትቻለሁ። ስልኩን የማነሳውም ቆሜ ነው።