ጉማሬው ዋስ ጠራ

ደብረ ታቦር ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች አንዱ፣ ስሙን ከአክብሮት የተነሣ የማልጠራው፣ ለሰውም ለአውሬም እኩል የሚጨነቅ ሆኖ ተገኝቷል። አምላክ ጭንቀቱን ያብዛለት።

የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ አቶ በላይነህ፣ ባሕር ካለበት አገር ድረስ ሄደው ሠልጥነው ተመለሱ። የሥልጠናው ርእስ «በሕዝብ መዝናኛ ዳርቻዎች የዋናተኞችን ደኅንነትና የሻርክን ጥበቃ ማመጣጠን» ይላል። ሻርክ ሰው የሚነክስ ትልቅ ዓሣ ነው። በእኛ ደጋ ሻርክ የለም፤ ይህ ግን ሥራ የሚያስፈታ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። አቶ በላይነህ መመሪያውን ዘርግተው «ሻርክ» ያለውን ሁሉ «ጉማሬ»፣ «ባሕር» ያለውን ሁሉ «ወንዝ» አሉት። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ አገር በቀል ሆነ።

ጉማሬ ግን በእርግጥ አለ። ከሐሙሲት ወዲያ፣ ወደ ጣና በሚወርደው ወንዝ ላይ፣ ልጆች የሚዋኙበትንና ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ቦታ አንድ ጉማሬ ይዞ ተኛበት። ጎበዛዝቱ ጠብመንጃ መወልወል ጀመሩ። ይሄኔ መሥሪያ ቤቱ መኪናውንና ድምፅ ማጉያውን ይዞ ደረሰ።

«የተከበራችሁ የወንዙ ባለድርሻ አካላት!» አሉ አቶ በላይነህ። ጉማሬው ጆሮውን ከውኃው ብቅ አደረገ። ከታዳሚው ሁሉ በጥሞና ያዳመጠ እሱ ብቻ ነበር። «ጉማሬ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ወደ የብስ ውጡ። ተከትሏችሁ አይወጣም!»

ከዓረብ አገር ተመልሳ የሰው ልብስ በማጠብ የምትተዳደረው ውዴ ብድግ አለች።

«ይወጣል እንጂ ጌታው! የጎረቤቴን ሩዝ ማን ጋጠው ታዲያ?»

«መመሪያው አይወጣም ይላል፣ እህቴ።»

«ለሱስ ነገሩት?»

«“እግር የሌለው በመሆኑ” ተብሎ ተብራርቷል።»

«ኧረ በማርያም! አራት ነው ያለው!»

ሕዝቡ ሳቀ። ደም ሲያስታርቁ የኖሩት ሽማግሌ አያ ባምላኩ ከዘራቸውን አነሡ።

«በወጋችን የተጣላ ሰው ዋስ ይጠራል። ለእነዚህ ሴቶች ዋሱ እኔ ነኝ። ለጉማሬውሳ?»

መመሪያው ተገለጠ። መመሪያው ስለ ዋስ የሚለው ነገር የለም፤ ነገር ግን «የአካባቢውን ባህል ያክብሩ» የሚል መስመር ነበረው። አቶ በላይነህ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ነኝ! ከውኃ ቢወጣ ይዤ አቀርበዋለሁ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጉማሬው ጭብጨባ አይወድም ኖሮ፣ መመሪያው በከለከለው እግሩ ሁሉ ወጣ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ጠብመንጃ ያነገተው ሳይቀር ሽቅብ ወደ ጉብታው በረረ። አቶ በላይነህ ግን የቅርቡን ሾላ መረጡ። ጉማሬው ከሾላው ሥር ቆሞ ሣሩን ይነጭ ጀመር።

«ዋሱ!» ብለው ተጣሩ አያ ባምላኩ ከጉብታው ላይ። «ወጥቷል! በቃልዎ ያቅርቡት!»

«አቅርቤያለሁ!» አሉ አቶ በላይነህ ቅርንጫፉን አቅፈው። «ይኸው ከሥሬ! ኑና ተረከቡኝ!»

የተነቃነቀ የለም። ሽማግሎቹ እዚያው ጉብታው ላይ ተቀምጠው ነገሩን በወጉ መረመሩት። ዋሱ ቃሉን ጠብቋል። ተከሳሽ በአካል ቀርቧል። ከሳሾች ቅረቡ ቢባሉ ግን አንዳቸውም አልቀረቡም። ያልቀረበ ደግሞ ተረቺ ነው። ወንዙ ለጉማሬው ተፈረደ።

የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ወዲያው ወጣ፦ «በአሁኑ ወቅት ወንዙ ውስጥ የሚገባ ሰው ባለመኖሩ የዋናተኞች ደኅንነት ሙሉ በሙሉ ተረጋግጧል። ጉማሬውም በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል።» አቶ በላይነህም የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ይገባቸዋል።

ውዴ ያልታጠበ ልብሷን አዝላ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ወጣች።

«ውኃውን ለሱ ሰጣችሁት። እኔ በምን ልደር? ለእኛስ ጥበቃ የለም?»

አቶ በላይነህ ከልባቸው አዘኑ፤ ወንበርም ሳቡላት።

«እህቴ፣ ጥበቃ የሚደረገው ቁጥሩ ለተመናመነ ብቻ ነው። እናንተ ገና ብዙ ናችሁ።»

«ስንት ስንቀር ነው እሚመለከተን?»

አቶ በላይነህ ጥያቄውን በጣም ወደዱት። በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ እንደሚያነሡት ቃል ገብተው እስከ በር ሸኟት።