ዕጩ ዶክተር ሚልኬሳ እና የሌሉት ሽማግሌ

እያንዳንዱ ሰፈር ተምሮ የማይጨርስ አንድ ሰው አለው። ሰፈሩ ውሃ ላይኖረው ይችላል፤ መብራቱም በሳምንት ሦስት ቀን ሊጠፋ ይችላል፤ ያ ሰው ግን አይጠፋም። እኩዮቹ ወልደው ከብደው ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ እሱም ቦርሳውን አንግቶ አብሯቸው ይሄዳል፤ ሊማር።

ለእኛ ለዓለም ገና ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ዕጩ ዶክተር ሚልኬሳ ደቻሳ ናቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ ዘጠኝ፣ ዲግሪያቸው ሁለት፤ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ከዋለ ስድስት ዓመቱ። በእርግጥ ፊት ለፊት ስንገናኝ «አንተ» ነው የምለው፤ አፍንጫውን መጥረግ ሳይችል ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቱታው ማሾፍ ሲያምረኝ የሚመጣ ነው።

ሚልኬሳን ጠይቆ መልስ ይዞ የተመለሰ ሰው የለም። «ይሄ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል» ይላል። የታክሲ ሰልፍ ዝናብ ሲጥል ለምን ይበተናል? ጥናት ይፈልጋል። እናቱ «መቼ ነው የምታገባው?» ሲሉትም ጥናት ይፈልጋል። ዕድራችን አንዴ ተሳስቶ ጸሐፊ አድርጎ መረጠው። የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከነግርጌ ማስታወሻው አሥራ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። በቀጣዩ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ አመስግነን አሰናበትነው።

አሁን የሚያጠናው «ምናባዊ ማንነት» የሚባል ነገር ነው። ሰው በኮምፒውተር ወደተሠራ ዓለም ሲገባ ማን ሆኖ ነው የሚገባው? ሌላ መልክ ቢሰጡት ጠባዩ አብሮ ይለወጣል? አባቱ ኦቦ ደቻሳ ይህን ሲሰሙ «የራሱን ሳይጨርስ የሌለ ሰው ማንነት ጀመረ!» አሉ። ከተፍኪ ገበያ እስከ ተጂ ገበያ ይህን ያልነገሩት ጤፍ ነጋዴ የለም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። ትምህርት ክፍሉ «እስከ ሰኔ መጨረሻ የሙከራህን ውጤት ካላቀረብክ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ ሰጠው። ሚልኬሳ በአባቱ ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ጠርጎ ቤተ ሙከራ አደረጋት። ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፤ ዓይንህን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ታጠልቃለህ። መነጽሩ ውስጥ ሌላ ክፍል አለ፤ በክፍሉ መስታወትም ሌላ ሰው ሆነህ ትታያለህ። ሥራህ ዐሥር ደቂቃ ሳትነሳ የሚጠይቅህን መመለስ ብቻ ነው። ከተነሳህ ወንበሩ ሥር ያለው መሣሪያ ያጋልጥሃል፤ ውጤትህም ይጣላል።

የሰፈሩን ሰው የፈቃድ ቅጽ ማስፈረም ብቻውን ሦስት ቀን ፈጀ። አትክልት የምትሸጠው ደስታነሽ «እኔ ምስክር በሌለበት አልፈርምም» ብላ ሁለት ጎረቤት አስከትላ መጣች።

ጣጣው የመጣው አራተኛው ደቂቃ ላይ ነው። በመነጽሩ ውስጥ በር ይከፈትና ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ይገባሉ። ሚልኬሳ ራሱ በኮምፒውተር የሠራቸው ናቸው። ደስታነሽ «ኖር!» ብላ ብድግ አለች። ለአምቡላንስ እንኳ መንገድ ለቆ የማያውቀው ባጃጅ ነጂ ገመቺስም ብድግ አለ፤ ግድግዳውን በግንባሩ መታው። ከሃያ አራት ሰው ሃያ ሦስቱ ተነሱ። ያልተነሳው ጎረቤታችን ተረፈ ብቻ ነው፤ እሱም እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

እኔ ሃያ አምስተኛው ነበርኩ። የሄድኩት ልስቅበት ነው። ሚልኬሳ እጄን ይዞ «ጋሼ፣ በፈጠረዎት አይነሱ። ሰውዬው የሉም፤ ሥዕል ናቸው» አለኝ።

«ልጅ አደረግከኝ እንዴ?» አልኩት።

በሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌው ገቡ። «ኖር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ቆሜአለሁ።

መነጽሩን ሳወልቅ ሚልኬሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። «በቃኝ» አለ። «ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባለሁ።»

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሰማው ግን ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ቆይ፣ ግን ለምን ተነሳሁ?» አልኩት።

«አላውቅም» አለ።

በከተማችን «አላውቅም» ሲል የማያፍር ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ኦቦ ደቻሳ ለካ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙናል። «ሰውዬው በእውነት የሉም?» አሉ።

«የሉም አባባ። እኔ ነኝ የሠራኋቸው።»

«የሉም ተብሎ እየተነገረው ሰው ከተነሳላቸው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የሚጠናውማ ይሄ ነው። ቁጭ ያለው ምን ያደርግልሃል?»

ሚልኬሳ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ከዚያ ደብተሩን ይፈልግ ጀመር። ኦቦ ደቻሳ ያደረጉት ነገር የገባቸው ዘግይቶ ነው። ትምህርት ክፍሉ የተነሱትን ሰዎች ውጤት በደስታ ተቀበለ፤ አዲሱን ርዕስ አጸድቆም ሁለት ዓመት ጨመረለት። አባት በገዛ አፋቸው ልጃቸው ላይ ሌላ ሁለት ዓመት ትምህርት ፈረዱበት።

አሁንም አሾፍበታለሁ፤ ልማድ ነው። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ሚልኬሳን እወደዋለሁ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ከሰፈራችን እንዳይሄድብን እሰጋለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት በቅዳሜና እሑድ ልቀጥል ተመዘገብኩ። ባለቤቴ ገና አልሰማችም። ቅጹ ላይ «ለመማር ያነሳሳዎት ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ፤ ለመልሱ የተተወው አንድ መስመር ነው። «ለሌሉ ሽማግሌ ለምን እንደተነሳሁ ለማወቅ» ብዬ ሞላሁት።