የፀደንያ ጠብታና የሰኔው በረዶ

ፀደንያ ነጭ ጋዋን በለበሰች በሦስተኛው ዓመት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ሰኔ፥ መብራት ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ ረፋድ ላይ በተመለሰበት ዕለት፥ በደብረ ማርቆስ ከተማ የተደረገውን ይህን ታላቅ ሥራ እናቷ የብርጓል ጻፍሁት።

በዚያም ዕለት የኬሚስትሪ መምህሯ ታረቀ፥ የጠርሙሶች አዛዥ፥ መነጽር አስለባሽ፥ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ከሰዓት በሁለት አሲዶች ቅልቅል የሚሠራ የናይትሬሽን የተግባር ፈተና አለ። በረዶ የሌለው አሲድ እንዳይነካ! ያልተፈተነም ለከርሞ ይድገም!» የኮሌጁ ማቀዝቀዣ ግን ተከፍቶ ቢታይ ውሃ ብቻ ታቅፎ ተገኘ።

ልጄ ይህን በስልክ ብትነግረኝ፥ መድገሙን ፈርታ ያለ በረዶ ትሞክረዋለች ብዬ፥ በልቤ ዓይኗን አጠፋሁት፥ በትር ገዛሁላት፥ መሪም ፈለግሁላት። የነዚያን አሲዶች ጠባይ አስቀድማ ነግራኝ ነበርና። ናይትሪክ አሲድ ቡናማ ጢስ የሚተነፍስ ቁጡ ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ እንደ ዘይት የከበደ፥ ሁልጊዜ ውሃ የጠማው ነው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ናይትሪክ ብቻውን የማይደፍረውን ይደፍራል። ከቀዘቀዙ የታዘዙትን ብቻ ይሠራሉ፤ ከሞቁ ግን ይፈላሉ፥ ይተፋሉ፥ አዛዥም አይሰሙም።

እኔም ገና ስጸልይ ሰማዩ በጮቄ ተራራ በኩል ጠቆረ፥ በረዶም እንደ ባቄላ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ደጅ ወጥቼ አወጅሁ፦ «የፀደንያን ዓይን የምትወዱ ሁሉ፥ ድስት ያላችሁ በድስት፥ ባልዲ ያላችሁ በባልዲ፥ በረዶ ልቀሙ! ጭቃ የነካውንም አትናቁ!»

ጎረቤቴ እትዬ ማሬም ቡሃቃዋን ተሸክማ፥ «አንቺ የብርጓል! ልጅቱ ስትወለድም አትተርፍም ብለሽ አልቅሰሽ ነበር፤ እኛ ግን ገንፎውን በላን!» እያለች በአዋጅ ወጣች። የባጃጅ ጌታ ፈንታም የኋላ ወንበሩን ለበረዶው ለቀቀ። እኔ ግን ማንም ሳያየኝ፥ ክፉ እንዳይቀርባት ብዬ፥ በላስቲክ ጠርሙስ ካኖርሁት ጠበል ግማሹን በበረዶው ላይ አፈሰስሁ።

ኮሌጁ ደርሰንም መምህር ታረቀ ቡሃቃውን ተመልክቶ አወጀ፦ «ይህ በረዶ ውሃ አለው! በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን እዚህም እዚያም ይነካዋል፤ ውሃ ሲገባበት ግን ዙሪያውን ያቅፈዋል። ይህን ያሰበ ይመስገን!» እትዬ ማሬም ግማሹ የጎደለውን የላስቲክ ጠርሙሴን አየችው። እኔም በነጠላዬ ሸፈንሁት።

ፀደንያም መነጽሯን አድርጋ፥ ጓንቷን አጥልቃ፥ ጢሱን ወደ ውጭ ከሚስበው መሳቢያ መስታወት ኋላ ቆማ፥ በረዶው ውስጥ ወደ ቆመው ጠርሙስ አሲዱን በጠብታ አወረደችው፤ አንድ ጠብታ፥ ከዚያ ሙቀት መለኪያውን ማየት፥ ደግሞ ሌላ ጠብታ። ከጠብታዎቹ አንዷ ፈጥና ብትወድቅ ቡናማ ጢስ ብቅ አለ። እኔም በሩ ላይ ቁሚ የተባልሁት የቀረውን ጠበል ከፍቼ፥ ጠርሙሱ ውስጥ ልረጭ ሮጥሁ። ልጄም ዓይኗን ሳትነቅል ታላቁን አዋጅ ነገረች፦ «እማዬ፥ ቁሚ! ውሃ አሲዱ ላይ ካረፈ ፈልቶ ፊቴ ላይ ይረጫል! ጠበሉን ለራስሽ ያዢው!»

ቆምሁ። ክዳኑ መሬት ላይ እየተንከባለለ፥ ቆምሁ። እርሷም ጠብታውን ገታች፤ በረዶው ሙቀቱን እስኪያወርደው ጠበቀች፤ ጢሱም በመሳቢያው ሄደ። በመጨረሻም የፈተናው ፍሬ፥ ነጣ ያለ ቢጫ ደቃቅ ነገር፥ በማጣሪያው ወረቀት ላይ ቀረ፥ መምህሩም ማለፏን አወጀ።

ፀደንያም በሁለት ዓይኗ፥ በሁለት ቅንድቧ፥ በጣቶቿም ሁሉ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ባጃጁ ውስጥ ደጋግሜ ቆጥሬያቸዋለሁ። የተረፈውንም ጠበል እንደ ታዘዝሁት ራሴ ጠጣሁት፥ ያስፈለገው ለእኔ ነበርና። በሠራዊት ላይ ያዘዙ ብዙዎች ናቸው፤ ቁጡ አሲድን በጠብታ የገራች፥ የብርጓልንም በአንድ ቃል ያቆመች ግን ከፀደንያ በቀር ከቶ አልተነሣችም።