ያልተሳፈረው ሰው

ትናንት ከቀትር በኋላ ቲንዛ ሕልም አየች። የበርማ ሰው ናት፤ በታይላንድ አንዲት የወደብ ከተማ ያለ መኖሪያ ወረቀት መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ከንጋት ጀምራ ሽሪምፕ የሚባሉትን ትናንሽ የባሕር እንስሳት ቅርፊት ስትልጥ ውላ፣ ጣቶቿ አብጠው፣ ከምትሠራበት መጋዘን ጀርባ ባለችው ክፍል ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ጣላት።

በሕልሟ ሽሪምፖቹ የላስቲክ ቦቲ ተጫምተው ጠረጴዛውን ከበው ቆመው ነበር። አሠሪዋ የወርቅ ሰዓቷን እንዳሰረች በረዶ በሞላው ገንዳ ውስጥ ተጋድማ የመላጥ ተራዋን ትጠብቃለች። አንዱ ትልቅ ሽሪምፕ የቲንዛን እጅ አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ እጅ ማን ነው የሚያሠራሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ» አለች፤ በሕልሟም ሰው ማሳጣት ፈራች።

«በይ ወደብ ሂጂ። ባልሽን አምጥተውልሻል።»

ባሏ ሶ ናይንግ በዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ከወጣ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ወደቡ ስትደርስ ዓሦች መረብ እየጎተቱ ከባሕር ወጡ። መረቡ በካፒቴኖች ተሞልቷል። ትናንሾቹን እየመረጡ ወደ ውኃው መለሷቸው። ሶ ናይንግ በደረቅ ልብስ ከኋላቸው ብቅ አለ።

«ከሳህ» አለችው።

«አንቺም። ነይ፣ አገራችን እንግባ።»

ወዲያው በድንበሩ ወንዝ ዳር ነበሩ። የድንበር ጠባቂዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ጠበቋቸው። አንዱ ቲንዛን፣ ሌላው ሶ ናይንግን አዘለ። ውኃው እስከ ወገብ ደረሰ። ያዘላት ሰውዬ እያለከለከ፣ «ካመመሽ ንገሪኝ እህቴ፤ ቀስ እላለሁ» አላት። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያናገራት አልነበረምና እንባዋ መጣ። ባሏ ይህን ሰምቶ እንደሆነ ልታይ ዞር አለች።

«ተነሺ ልጄ» አሉ አብረዋት የሚኖሩት ባልቴት፣ ዶው ሚንት። «ጀልባዋ ገብታለች።»

በባዶ እግሯ ሮጠች። ካፒቴኑ ወደቡ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

«ሶ ናይንግስ?»

«ማን?»

«ባሌ። እኔው ራሴ ነኝ የሸኘሁት።»

ካፒቴኑ ከኪሱ ዝርዝር አወጣ። «አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ፤ አሥራ አንድ ሰው ወረደ። የጠፋ የለም። ባልሽ ወረቀት ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እንግዲያው አልተሳፈረም።»

ከኋላው ገመድ ይጠቀልል የነበረ አንድ የአገሯ ልጅ ቀና ብሎ አያትና መልሶ አቀረቀረ። ያኔ ቲንዛ ባሏ ባሕር ላይ እንደቀረ ገባት።

ዶው ሚንት ደርሰው ክንዷን ያዙ። «ፖሊስ ሳያይሽ እንሂድ።»

«እኔው ወደ ጣቢያው ልሄድ ነው።»

«ይይዙሻል እኮ።»

«ሲይዙኝ የባልሽ ስም ማነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ አንድ ቦታ ይጻፋል» አለችና ክንዷን አላቃ መንገዱን ተያያዘችው።