የፈረስ ድርሻ

የወደፊቱን ምግብ ዛሬውኑ ካልበላን ብለው የሚቸኩሉ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? የቢሮ ባልደረባዬ አበራ ስለ ምግብ ብክነት ከተሰጠ ስልጠና ከተመለሰ ወዲህ ፉርሽካ አገንፍቶ ይበላል። "ምድር የምትተርፈው ምንም ሳይባክን ሲቀር ነው" ይላል። ምድርማ ትትረፍ፣ ማን ጠላ? ግን አሰላ ውስጥ ፉርሽካ የጋሪ ፈረስ ምሳ መሆኑን የማያውቅ አለ?

ሐሙስ ከሥራ ስንወጣ፣ መንገድ ዳር የቆሙት የጋሪ ፈረሶች በሙሉ አንገታቸውን አዙረው አዩት። አንዱም አላሽካካም፤ ጭራውን እንኳ አልወዘወዘም። ባለጋሪው ጋሽ ከድር ልጓም ቢስቡ ፈረሳቸው ንቅንቅ አላለም።

"ልጄ፣ ምን ወስደህባቸው ነው?" አሉት በሹክሹክታ።

አበራ ስቆ ባጃጅ ተሳፈረና ሄደ። እኔ አልሳቅኩም። ቀን ላይ "ቅመሳት" ብሎኝ ሁለት ማንኪያ በልቼለታለሁ።

ባጃጁ ከዓይን ተሰወረ። ፈረሶቹ ግን አንገታቸውን አልመለሱም። አሁን የሚያዩት እኔን ነው።