ለጎረቤት ልጅ የሚጠይቁ እናቶች

በዚያ ቀን በቀበሌያችን አዳራሽ ወይዘሮ አስካለ፣ አዴ ሎሚ፣ እትዬ ደብሪቱ፣ እኔና የሰፈሩ እናቶች በሙሉ ነበርን። የቀረች ሴት ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ስለማታገኝ ማን ይቀራል? ነርሷ ሲስተር አልማዝ ስለ ጨብጥና ቂጥኝ አስተማረችን።

«ጥያቄ ያላችሁ?» አለች።

እትዬ ደብሪቱ ተነሡ። «የጎረቤቴ ልጅ ሽንቱ ያቃጥለዋል። ከሱቅ ሁለት ፍሬ ክኒን ገዝቶ ዋጠ። ይበቃዋል?»

«አይበቃም እማማ። ሕመሙ ለጊዜው ይተወዋል፣ በሽታው ግን አይለቀውም።»

አዴ ሎሚም ስለ ጎረቤታቸው ልጅ ጠየቁ። እኔም እንደዚያው። መቼም ናዝሬት ውስጥ እንደ ጎረቤት ልጅ የሚታመም የለም።

ሲስተር ፈገግ አለች። «እንግዲያው ነገ የጎረቤቶቻችሁን ልጆች ይዛችሁልኝ ኑ። መታቀብ ላልቻለ ስለ ኮንዶምም እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ እያንዳንዳችን የገዛ ልጃችንን አስከትለን ተገናኘን። በትሕትና ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ሙቀቱም ብዙ አወራን።

ልጄ መርፌውን ተወጋ። ሲስተር ግን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ጓደኛውስ? ሕመም ባይሰማትም ካልታከመች በሽታው ነገ መውለድ ሊከለክላት ይችላል» አለችኝ።

ልጄን ብጠይቀው፣ ልጅቷ አክስቷ ዘንድ ዝዋይ ሄዳለች አለኝ፤ የአክስቷን ቤት ግን አያውቀውም። ስሟን አልጽፍም፤ እሷም እናት አላት። ሰሞኑን ከናዝሬት ዝዋይ ስለገባች፣ አሥረኛ ክፍልን ስለጨረሰች ጠይም ልጅ የሰማችሁ ካላችሁ፣ የት እንዳለችና እንዴት እንደሆነች እባካችሁ ንገሩኝ።